ገመዱን ከመፍታታችሁ በፊት

አንድ ቀን ጠዋት የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጠራኝና «የአፍሪካ ጥናት ክፍል እንክፈት፤ አንቺ ያዢው» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አለፈው። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሥራ የጀመርኩትም እዚሁ ነው። የአፍሪካ ጥናት ሲባል ያኔ ዓይኔ ላይ የመጣው ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ ያየሁት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነበር። ጸጥታው፣ የድሮ ወረቀት ሽታው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያነበው ሰው። እንደዚያ ያለ ነገር ለድሬ ላመጣ ነው ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን የምጽፈው የኮሌጅም ሆነ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ይዛችሁ «ስለ አካባቢያችን አንድ ጥግ እናዘጋጅ» ለምትሉ ነው። ቤታችሁ ቁም ሳጥን ላይ የአባታችሁ ወረቀት የተቀመጠባችሁም አንብቡት። ብዙ ተሳስቻለሁ። አንዱ ስህተቴ ግን የማይመለስ ስለሆነ እሱን በደንብ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የመጣልን መጽሐፍ በልገሳ ነው። ከውጭ አገር በካርቶን በካርቶን ተጭኖ ደረሰ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ስንከፍተው አብዛኛው ሌላ አገር ያለ ትምህርት ቤት ያስወገደው የመማሪያ መጽሐፍ ነበር። ጊዜ ያለፈበት የኮምፒውተር መመሪያ፣ የማናውቀው አገር የሕግ መጽሐፍ። ስለ አፍሪካ የሚያወራው አንዲት መደርደሪያ እንኳ አይሞላም። እንመልሰው አይባል፣ እንጣለው አይባል፣ መዝግበን ስንጨርስ ግማሽ ዓመት ሄደ። መደርደሪያውም ሞላ። ስለዚህ ልገሳ ከመቀበላችሁ በፊት ዝርዝሩ ይላክላችሁ በሉ። ምን እንደምትቀበሉና ምን እንደማትቀበሉ የሚል የግማሽ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ አለቃችሁን አስፈርሙ። ያቺ ግማሽ ገጽ ሰው ሳይከፋው እንቢ ለማለት ትረዳለች።

ስለ አህጉሩ በሰፊው ለማንበብ የሚሆነውን ነገር ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ዩኔስኮ ያዘጋጀው የአፍሪካ አጠቃላይ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ 8 ቅጾች በነፃ ይወርዳሉ። የአፍሪካ መጽሔቶችን በኢንተርኔት የሚያሰባስበው ደቡብ አፍሪካ ያለው ‹ኤጆል› ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ብዙ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ይገኝበታል። የታተመ መጽሐፍ ለመግዛት ደግሞ የአህጉሩ አሳታሚዎች ራሳቸው ተሰባስበው ያቋቋሙት ‹አፍሪካን ቡክስ ኮሌክቲቭ› አለ። ለእኛ ለምሥራቁ ሰዎች ቅርቡ ግን ሐርጌሳ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ይካሄዳል። በሶማሊኛ የታተመ መጽሐፍ አዲስ አበባ ከመፈለግ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዝርዝር አስይዞ መላክ ይሻላል። እኛ የምናውቀውን ነጋዴ ልከን የመጣልን መጽሐፍ ከዚያ ሁሉ የልገሳ ካርቶን ይበልጥ ይነበባል።

ክፍሉ ተከፈተ። ሰው መምጣት ጀመረ። አንዲት የገንደ ቆሬ ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፏ መጣች። ርዕሷ በባቡር ከጅቡቲ ዕቃ ያመላልሱ ስለነበሩ ሴቶች ነበር። የድሬ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ስንቱን ቤተሰብ ያበላው፣ ስንቱን ልጅ ያስተማረው ያ ንግድ ነው። «በደርግ ጊዜ ከአይሻ ድሬዳዋ የአንድ ኩንታል ጭነት ሒሳብ ስንት ነበር?» አለችኝ። 963ን አየሁ፤ ዲዊ በሚባለው መጻሕፍትን በቁጥር የመመደቢያ ዘዴ የኢትዮጵያ ታሪክ ያለበት ቁጥር ነው። ስለ አክሱም አለ። ስለ ዐፄዎቹ አለ። ስለ አድዋ ሞልቷል። ከባቡር ጣቢያው የ15 ደቂቃ መንገድ ላይ ቆመን ስለ ባቡሩ አንዲት የዋጋ ዝርዝር የለንም።

ይህች ከተማ እኮ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ ገና 15 ዓመት ገደማ ቀርቶት ነበር። 784 ኪሎ ሜትር መስመር፣ ስንት ጣቢያ፣ ስንት ሺህ ሠራተኛ። ያ ሁሉ የጻፈው ወረቀት የት ሄደ?

መጠየቅ ጀመርኩ። የውጭዎቹ ብዙ ሠርተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢያችንን ኅትመት ይሰበስባል። ሚኒሶታ ያለ የገዳም ዩኒቨርሲቲ ከ1973 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አስነሥቷል። ችካጎ ላይ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የአፍሪካ ጋዜጦችን በማይክሮፊልም የሚያስቀምጡበት ማኅበር ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አዲስ አበባ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ። ሁሉም ግን በዋናነት የታተመውን ወይም በገዳምና በመሥሪያ ቤት ያለውን ነው የሚያገኙት። መጋላ ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ያለች ካርቶን ማንም አይደርስባትም። እሷን ማግኘት የሚችለው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ቆራሌውም የሰፈር ሰው ነው። ከእኛ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ በኪሎ ገዝቶ ለቆሎ መጠቅለያ ይሸጠዋል።

ልጅቷን ይዤ ከዚራ ሰፈር ወዳሉ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ቡና አፈሉልን። ወረቀቱን ያነሣነው ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። ከአልጋ ሥር ሁለት ካርቶን አወጡ። ውስጡ በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለሉ፣ በሲባጎ የታሰሩ ሰባት ጥቅሎች። ስስ የካርቦን ኮፒ ወረቀት፣ ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ አማርኛ። አግራፉ ዝጎ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ጥርሱን ተክሏል። «ይኸው ሃያ ዓመት አቧራውን ሳራግፍ» አሉ። «ውሰጂው ልጄ፤ እኔ ከሞትኩ ልጆቼ ያቃጥሉታል።»

ባጃጅ ይዤ ስመለስ ካርቶኖቹን እንደ ሕፃን አቅፌ ነበር።

በነጋታው ጥቅሎቹን ፈታኋቸው። ሲባጎውን በመቀስ ቆረጥኩ፣ ጨርቁን ጣልኩ። የቤተ መጻሕፍት ሰው ነኝና እንደ መጽሐፍ አሰብኩ። ፈረንሳይኛውን ለብቻ፣ አማርኛውን ለብቻ። ከዚያ በዓመተ ምሕረት ደረደርኩ። የቤተ መጻሕፍቱን ሐምራዊ ማኅተምም እያንዳንዱ ወረቀት መሐል ላይ መታሁበት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስጨርስ አዲስ ቦክስ ፋይል ውስጥ ተሰድሮ ሲታይ ያምር ነበር።

ልጅቷ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ቀን ላይ ጠራችኝ። «ይሄ 1966 እና ይሄ 1966 አንድ ላይ ለምን ተቀመጡ?» አለች። አየሁት። ፈረንሳይኛው ደብዳቤ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አማርኛው በእኛ። የፈረንጁ 1966 በእኛ 1958 እና 59 ነው፤ የጃንሆይ ዘመን፣ ገና ሁሉ ነገር ባለበት የቆመበት። የእኛ 1966 ያ የካቲት ያለበት ዓመት ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ያላቸውን ወረቀቶች አጎራብቼ አንድ ቀን የተጻፉ አስመስያቸዋለሁ። በአንጻሩ ደግሞ ያው አንድ ጉዳይ በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ደብዳቤና የአማርኛ ትርጉሙ በእኔ ድርደራ በተለያየ ፋይል ተራርቀዋል።

ይህስ በትዕግሥት ይስተካከል ነበር። የባሰው ሌላ ነው። ወደ እኚያ እናት ተመልሼ ጥቅሎቹ ለምን ሰባት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። «እያንዳንዱ የአንድ ጣቢያ ነዋ» አሉኝ። አይሻ ለብቻው፣ አዲጋላ ለብቻው፣ ኤረር ለብቻው። ባለቤታቸው ሒሳብ ሊቆጣጠር በየጣቢያው ሲወርድ የሚይዘውን ለየብቻ ያስር ነበር። ብዙው ወረቀት ላይ የጣቢያው ስም አልተጻፈም። ማሰሪያው ነበር የጣቢያው ስም። የአይሻው በቀይ ክር የታሰረ መሆኑን ነገሩኝ። ቀይ ክር ማየቴን አስታውሳለሁ። የጣልኩትም እኔ ነኝ።

ልጅቷ የፈለገችው የአይሻን የጭነት ሒሳብ ነበር። አሁን ወረቀቱ አለ፤ የትኛው የአይሻ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ከጽሑፏ ያን ክፍል አውጥታ ተመረቀች።

የመዝገብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ገና ከመጀመሪያው ይነግረኝ ነበር። መጽሐፍ ለብቻው ይቆማል፤ የደራሲው ስም ላዩ ላይ አለ። የመዝገብ ወረቀት ግን ትርጉሙን የሚያገኘው ከጎረቤቱ ነው። ማን ያዘው፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ከምን ጋር። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ለዓመታት መዝገብ ቤት የሠሩ እናቶች ካሉ እነሱን አማክሩ፤ ዲግሪ ካለው ከእኔ ይልቅ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ካርቶኑ ካለበት ቦታ ሳይነሣ ፎቶ አነሣለሁ። ስከፍተው አነሣለሁ። ጥቅሉን ከነገመዱ አነሣለሁ። ለእያንዳንዱ ጥቅል ቁጥር እሰጣለሁ፤ በውስጡ ያለውን ወረቀት ደግሞ በቁጥሩ ሥር 1፣ 2፣ 3 እያልኩ ባለበት ቅደም ተከተል በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ጥግ ላይ እጽፋለሁ። ማኅተም አልመታም። እስክሪብቶ አጠገቡ አይደርስም። በዓመት ወይም በቋንቋ መፈለግ የሚፈልግ ሰው በኮምፒውተሩ ዝርዝር ይፈልግ፤ ወረቀቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ከፎቶውም በፊት አንድ ነገር አለ፤ ባለቤቱን ማስወራት። ሰጪው ቁጭ ባለበት ስልኬን ከፍቼ «ይሄ ማን ያሰረው ነው? ለምን አንድ ላይ ሆነ? የጠፋ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺን ሃያ ደቂቃ በወቅቱ ብሰጥ ኖሮ የአይሻ ወረቀት ዛሬ ይታወቅ ነበር።

አቀማመጡን በአጭሩ ልንገራችሁ። የድሬ ሙቀት ወረቀትን ያደርቃል፣ ያሰብራል። ማቀዝቀዣ መሣሪያ ከሌላችሁ ፀሐይ የማይመታውን ግድግዳ ምረጡ፤ የብረት መደርደሪያ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ፤ የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከፍ ይበል። የ1998 ዓ.ም.ን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ወለል ላይ ካርቶን አያስቀምጥም። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው አጥተናል፤ ከሞት የተረፈው ቤተሰብ ደግሞ የውርስ ወረቀቱን፣ የጡረታ ማኅደሩን፣ ፎቶውን ሁሉ አጥቷል። የረጠበ ወረቀት ካጋጠማችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ይጀምረዋልና ወይ በአየር አድርቁት ወይ ቶሎ ፍሪዘር አስገቡት። ላሚኔት አታስደርጉ፤ አይመለስም። ስኮች አትለጥፉ። አግራፍና ስቴፕል ቀስ ብላችሁ አውጡ።

ብልና ትላትል ያለበት መጽሐፍ ሲመጣ መድኃኒት አንረጭም። በሁለት ድርብ ላስቲክ አጥብቀን አሽገን ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት እናቆየዋለን። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሚደርስ ጊዜውን አታሳጥሩ። ስታወጡትም ላስቲኩን ወዲያው እንዳትከፍቱ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ካልሆነ የእኛ ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርጭቆ እንደሚያልበው መጽሐፉም ያልበዋል። ብራናና ፎቶ ግን በዚህ መንገድ አታስገቡ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሸወድበት ልምጣ፤ ካታሎግ፣ የመጻሕፍቱ መፈለጊያ ዝርዝር። ‹ኮሃ› የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነው የምንጠቀመው። ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ፊደላችንንም ይቀበላል። ችግሩ ሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን እኛ ላይ ነው። አንዷ ባልደረባዬ «ሐረር» ብላ መዘገበች፣ ሌላው «ሀረር»፣ አንዱ «ሓረር»። ለኮምፒውተሩ ሦስቱ የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ድሬዳዋ ተያይዞም ተለያይቶም ተጽፏል። «ዐፄ» እና «አፄ»፣ «ንጉሥ» እና «ንጉስ»። ተማሪው ይፈልጋል፣ የለም ይለዋል፣ ይሄዳል። መጽሐፉ ግን ከጀርባው ቆሟል። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። ለቦታና ለሰው ስም አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጣችሁ ዝርዝር አዘጋጁ፤ ሌላውን አጻጻፍ ሁሉ «ተመልከት» ብላችሁ ወደዚያ አያይዙ። እኛ ከአንድ ወረቀት ተነሥተን አሁን ደብተር ሞልቷል፤ ከማንኛውም ዕቃችን በላይ የምሳሳለት እሱን ነው።

የደራሲ ስምም እንደዚያው። የውጭ ካታሎግ እንዳለ ስትገለብጡ «አበበ ከበደ» የጻፈው መጽሐፍ በ«ከበደ» ሥር ይገባል። ከበደ አባቱ ነው፤ መጽሐፉን አልጻፈም። በራሱ ስም አስገቡት። «ገብረ መድኅን»ን አትክፈሉት። «ሼህ» እና «ሐጂ» ማዕረግ እንጂ ስም አይደሉም። ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ጻፉና አጠገቡ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ። እዚህ አካባቢ አንዳንዴ ሦስቱም ይገጥማችኋል፦ የእኛ፣ የፈረንጅ፣ የሒጅራ።

አንድ ሌላ ቅሬታም አለኝ። በዲዊ አመዳደብ አማርኛ 492.8 ላይ ከሴም ቋንቋዎች ጋር ይሄዳል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ 493.5 ላይ ከኩሽ ጋር። እስልምና ሁሉ 297 ላይ ታጭቋል። አመዳደቡ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ዓለም ይጠቀምበታል። ነገር ግን ድሬ ላይ አንድ ሱቅ በራፍ ቆሞ በሦስት ቋንቋ የሚነጋገር ሰው ያለበትን ከተማ ለአሥር መደርደሪያ ይበትነዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳንነካ ስለ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ስለ ጅቡቲና ስለ ሶማሌ ምድር በሚያወራ መጽሐፍ ሁሉ ጀርባ ላይ አረንጓዴ ምልክት ለጥፈን አንድ ላይ አቆምነው። ልጆቹ «አረንጓዴው ጋ» ይሉታል።

ድምፅም ስብስብ ነው። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን የኦሮምኛን ዘመናዊ ዘፈን የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፤ ዓሊ ቢራም ከዚያ የወጣ ነው። የሰርግ ካሴት፣ የመንዙማ ካሴት ያለው ሰው ካገኛችሁ ቶሎ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡ። ወረቀት ይቆያል፤ የካሴት ክር አይቆይም።

ሐረር ላይ ያለው ነገር ደግሞ ከድሬ ይለያል። እዚያ የቆየው ኪታብ፣ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ዐረብኛ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሐረሪ፣ ኦሮምኛም። በማተምም ቢሆን ሐረር ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት፤ በ1905 እ.ኤ.አ. አንድ የካቶሊክ ሚስዮን እዚያ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማተም ጀምሮ ነበር። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው፣ በኋላ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንጻ ያቋቋሙትን ሙዚየም ያላየ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምር ይሻለዋል። አንድ ሰው በራሱ ጥረት ኪታቡን፣ ሳንቲሙን፣ የድምፅ ቅጂውን ሰብስቦ፣ የተጎዳውን መጽሐፍ እያደሰና እየጠረዘ ምን ሊሠራ እንደሚችል እዚያ ይታያል። እኔ ከዚያ ወጥቼ ጀጎል ውስጥ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ።

አንድ የጀጎል ቤተሰብ ኪታብ እንዳለው ሰምተን በሚያውቃቸው ባልደረባችን በኩል ሄድን። አባወራው በትሕትና ተቀበሉን። ገና ሳንጠይቃቸው «ኪታቡ ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉ። ባልደረባዬ «አይወጣም ሐጂ፤ እኛ ነን የምንመጣው» አላቸው። ሳቁ። እጃችንን ታጠብን፣ አደረቅን። ጓንት አላደረግንም፤ በጓንት ገጹ አይታወቅም፣ ይቀደዳል። ገጹን ራሳቸው ገለጡ፣ እኛ አነሣን። ስልኩን ከላይ ወደ ታች በሚያይ ማቆሚያ አሠርን፤ ፍላሽ የለም፤ የመስኮቱ ብርሃን ብቻ። መስኮቱ የሚያበራው ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሦስት ቀን ተመላለስን።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንዱን ገጽ ብርሃን ላይ አቅንተው አሳዩኝ። ወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጨረቃ አለ፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። ይህ ጣሊያን አገር ተሠርቶ ለዐረቡና ለቱርኩ ገበያ ይላክ የነበረ ወረቀት ምልክት ነው። በቀይ ባሕር ዞሮ፣ በግመል ወጥቶ፣ ሐረር የደረሰ። አያታቸው ደግሞ በቤታቸው ቀለም ቁርዓን ጽፈውበታል። የአፍሪካ ጥናት ማለት ለእኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ገጽ ነው። ቬኒስም፣ ካይሮም፣ ሐረርም አንድ ወረቀት ላይ።

ፎቶው ሲያልቅ የመጀመሪያው ቅጂ የገባው ለእሳቸው ነው፤ በፍላሽ። ይህን ሕግ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር ደግሞ አንድ ገጽ ስምምነት በሚገባቸው ቋንቋ እንፈራረማለን። ባለቤቱ ማን ነው፣ ማን ያያል፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም፣ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል፤ የአባት ደብዳቤም ከዚህ አያመልጥም። የቅርስ አዋጁ 209/1992ም አለ፤ «ልግዛችሁ» ብሎ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ለባህል ቢሮ ንገሩ። ፋይሉን ሦስት ቦታ እናስቀምጣለን፦ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ፣ ሐርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱን ደግሞ ሌላ ከተማ። ድሬን ውሃ ቢወስዳት እንኳ እንዲተርፍ።

ባለፈው ወር አንድ የሰፈር ዕድር መዝገቦቹን እንድናነሣለት ጠራን። የዕድር መዝገብ ለታሪክ ጥናት ወርቅ ነው። ማን መቼ ሞተ፣ ማን ስንት አዋጣ፣ ማን ከየት መጥቶ ተመዘገበ፣ ድንኳኑ መቼ ተገዛ። ሰብሳቢው ሁለት ወፋፍራም መዝገብ በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ስልኬን አውጥቼ ገመዱን ማንሣት ጀመርኩ።

«ገመዱን ደግሞ ለምን ታነሺዋለሽ?» አሉኝ።

የአይሻውን ቀይ ክር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ገመዱን በጣታቸው ነካ አደረጉና «እንግዲያው ይሄንንም ጻፊው» አሉ። ሁለቱ መዝገቦች የሁለት ዕድር ነበሩ። አንደኛው ዕድር ከደቻቱ ዳር ነበር። ከጎርፉ በኋላ ለመሰብሰብ የሚበቃ አባል ስላልቀረው ከእነሱ ጋር ተዋሐደ፤ መዝገቡን ከእነሱ መዝገብ ጋር ያሰሩት በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈታውም።

ወንበር ሳብኩና ስልኩን ለድምፅ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አባባ» አልኳቸው።